የአሮጌ ስላይድን ቀለም ሳያዛቡ በካሜራ መቅዳት

ስላይድ ብርሃን ካላለፈበት ጥቁር ቁራጭ ነው። 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነች ፊልም 50 በ50 ሚሊሜትር በሆነ የካርቶን ወይም የፕላስቲክ ክፈፍ ታቅፋ ትቀመጣለች፤ ሥዕል የምትሆነው ከኋላዋ ብርሃን ሲመጣ ብቻ ነው። የወረቀት ፎቶ የወደቀበትን ብርሃን መልሶ ይሰጣል፤ ስላይድ ግን ብርሃኑን ያሳልፋል፣ እያሳለፈም ይቀንሰዋል። የሚቀንሱት ተደራርበው የተቀመጡ ሦስት ማቅለሚያዎች ናቸው። ቢጫው ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፣ ማጀንታው አረንጓዴውን፣ ሳያኑ ደግሞ ቀዩን። የሰው ፊት፣ የጤፍ ማሳ፣ የጥምቀት ጃንጥላ፣ ከበስተኋላ ያለው ሰማይ፣ ሁሉም የተሠሩት የእነዚህን የሦስቱን መጠን በመለዋወጥ ነው። ካሜራ ስላይድ ሲቀዳ የሚያየው ጤፉን ወይም ጃንጥላውን ሳይሆን ሦስቱን ማቅለሚያዎች ነው። በዚህ ሥራ የሚያጋጥመው የቀለም መዛባት አብዛኛው የሚመነጨው ይህ ሲዘነጋ ነው።

ማቅለሚያዎቹ ደግሞ በሁሉም ፊልም አንድ ዓይነት አይደሉም። ኮዳክሮም እ.ኤ.አ. በ1935 ለ16 ሚሊሜትር የሲኒማ ፊልም፣ በ1936 ደግሞ ለስላይድ ገበያ ላይ ዋለ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የፈለሰፉት ሊዮፖልድ ማንስ እና ሊዮፖልድ ጎዶውስኪ የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች ናቸው፤ የመጀመሪያው ፒያኖ፣ ሁለተኛው ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጥበቱን ጊዜ ይለኩ የነበረው የብራምስን ዜማ እያፏጩ እንደነበር ይነገራል። የኮዳክሮም ፊልም ማቅለሚያ የሚፈጥረውን ኬሚካል በውስጡ አልያዘም፤ ቀለሙ የሚገባው ላቦራቶሪ ውስጥ ሲታጠብ ነበር። አግፋ በ1936 ያወጣው አዲሱ አግፋከለርና ኮዳክ በ1946 ያወጣው ኤክታክሮም ግን ይህን ኬሚካል ከፋብሪካው ጀምሮ በንጣፎቻቸው ውስጥ ይዘው የሚመጡ ናቸው። የኤክታክሮም አስተጣጠብ ደጋግሞ ተሻሽሎ በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢ-6 ወደተባለው ደረሰ፤ የፉጂ ኩባንያ ፉጂክሮምም ሆነ ዛሬ የሚሸጠው የቀለም ስላይድ ፊልም የሚታጠበው በዚሁ መንገድ ነው። የኮዳክሮም ምርት በ2009 ቆመ። የመጨረሻው አጣቢ፣ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በፓርሰንስ ከተማ የሚገኘው ድዌይንስ ፎቶ፣ ዲሴምበር 30 ቀን 2010 ፊልም መቀበሉን አቆመ።

ይህ ታሪክ የሚነገረው ለጌጥ አይደለም። የኮዳክሮም ሳያን እና የኤክታክሮም ሳያን ለዓይን ተመሳሳይ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ብርሃንን የሚውጡበት ስፍራና መጠን ግን ይለያያል፣ ካሜራም ልዩነቱን በራሱ መንገድ ያነበዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስላይዶቹን በዓይነት በዓይነታቸው መለየት ነው። በአብዛኛው የፊልሙ ስም በክፈፉ ላይ ታትሟል። ክፈፉ ከተቀየረ ፊልሙን በአግድም ብርሃን ዘንበል አድርጎ ማየት ይረዳል፤ ኮዳክሮም ብርሃን ተቀባይ ንጣፉ ባለበት ገጽ ላይ ሥዕሉ እንደ ተቀረጸ ከፍና ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ሌሎቹ ግን ለስለስ ያሉ ናቸው።

ቀጥሎ መመለስ ያለበት ጥያቄ ትክክለኛ ቀለም ማለት ምን እንደሆነ ነው። ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው በዚያ ቀን፣ በዚያ ስፍራ የነበረው ቀለም ነው። ሁለተኛው ስላይዱ ከላቦራቶሪ በወጣ ዕለት የነበረው ቀለም ነው። ሦስተኛው ስላይዱ ዛሬ በጥሩ ነጭ ብርሃን ላይ ሲቀመጥ ለዓይን የሚታየው ቀለም ነው። የመጀመሪያውን ማንም ሊመልሰው አይችልም፤ ፊልም ራሱ ዓለምን እንደነበረች አይቀዳም፣ ፋብሪካው በመረጠው ጠባይ ይተረጉማታል እንጂ። የኮዳክሮም ቀይ፣ ቬልቪያ የተባለው የፉጂ ስላይድ ፊልም አረንጓዴ የታወቁት በዚህ ትርጉማቸው ነው። ሁለተኛው በግምት ሊቀረብ ይችላል። በመሣሪያ ሊለካና ሊረጋገጥ የሚችለው ሦስተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከሦስተኛው ነው፦ መጀመሪያ ስላይዱን ዛሬ እንዳለ በታማኝነት መቅዳት፣ የደበዘዘውን ማስተካከል ደግሞ በሌላ ቅጂ ላይ ቆይቶ መሥራት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመሥራት የሚሞክር ሰው ቀለሙ የተዛባው በጊዜ ይሁን በካሜራው መለየት ያቅተዋል።

ለቀለም ታማኝነት ከካሜራውም ከሌንሱም የበለጠ ወሳኙ ከስላይዱ ጀርባ ያለው ብርሃን ነው። የሰው ዓይን በሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር በሚደርሰው የሞገድ ርዝመት ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይገኛል። የሃሎጅን አምፖልም እንዲሁ ነው፤ ሰማያዊው ጥቂት፣ ቀዩ ብዙ ይሁን እንጂ በመካከል ክፍተት የለውም። ነጭ ኤልኢዲ የተሠራው ግን በሌላ ዘዴ ነው። በውስጡ ያለው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ በላዩ የተቀባው ፎስፈር የሚባል ዱቄት ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይለውጠዋል። በዚህም የተነሳ 450 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊው እንደ ሾጣጣ ተራራ ይወጣል፣ 480 አካባቢ ይጎደጉዳል፣ ከ650 በላይ ያለው ጥልቅ ቀይ ደግሞ በርካሹ ኤልኢዲ እጅግ ይሳሳል። ዓይን ይህን ሁሉ ደምሮ ነጭ ነው ይላል። ጉድለቱ የሚታየው ብርሃኑ በማቅለሚያዎቹ ውስጥ ካለፈ በኋላ ነው፤ ማቅለሚያው የሚያሳልፈው ጥልቅ ቀይ ከመነሻው ከሌለ፣ በስላይዱ ላይ ያለው የጥለት ቀይ በፋይሉ ውስጥ የጡብ መልክ ይይዛል።

በብርሃን መሣሪያ ማሸጊያ ላይ፣ ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ የሚገልጽ ሲአርአይ የሚል ቁጥር ይገኛል። ከ95 በታች የሆነ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አማካዩ የሚሰላው ደብዘዝ ባሉ ስምንት የሙከራ ቀለሞች ላይ ነው፣ ደማቁን ቀይ የሚለካው አር9 የተባለው እሴት በአማካዩ ውስጥ አልገባም። አምራቹ አር9ን ለይቶ ከጻፈ፣ እሱም ከ90 በላይ ከሆነ፣ መብራቱ ይታመናል። በ2015 የወጣው ቲኤም-30 የተባለው አለካክ በ99 ቀለሞች ላይ ስለሚሠራ የበለጠ ይናገራል። ለማስታወቂያ የተሠራ ርካሽ የብርሃን ሰሌዳ፣ ስልክ፣ ታብሌት፣ እነዚህን ለዚህ ሥራ መጠቀም ስሕተት ነው። ስክሪን በሦስት ጠባብ የብርሃን ዓይነቶች ነጭን ያስመስላል እንጂ ሙሉ ብርሃን አይሰጥም፤ ፒክስሎቹም በስላይዱ ላይ ታትመው ይወጣሉ።

የካሜራ ፍላሽ ብዙዎች የሚዘነጉት መልካም አማራጭ ነው። በውስጡ ያለው የዜኖን ጋዝ የሚሰጠው ብርሃን ያልተቋረጠና ከቀን ብርሃን ጋር የተቀራረበ ነው፤ ቅጽበታዊ በመሆኑም የካሜራውን መንቀጥቀጥ ይሰውራል። ወተት በመሰለ አክሪሊክ ውስጥ አልፎ እንዲበተን ማድረግ፣ ኃይሉንም በእጅ በአንድ ቁጥር ላይ ማቆም ያስፈልጋል፤ በአውቶማቲክ ከተተወ ከስላይድ ስላይድ ይለዋወጣል። ፍላሹን ለማይፈልግ ሰው ሲአርአዩ ከፍ ያለ ኤልኢዲ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ብዙ ኤልኢዲዎች ዓይን በማያየው ፍጥነት ይጠፋሉ ይበራሉና፣ በተለይ ያለ መካኒካል ሸተር ሲነሣ በፎቶው ላይ የቀለም መስመሮች ሊታዩ ይችላሉ። መብራቱን ወደ ሙሉ ኃይሉ ማድረስና የሸተሩን ጊዜ ማርዘም ችግሩን በአብዛኛው ያስወግዳል። አክሪሊኩ ከፊልሙ ጥቂት ሴንቲሜትር መራቅ አለበት፤ ካልራቀ በላዩ ያለው አቧራ ከሥዕሉ ጋር ጥርት ብሎ ይነሣል።

ዓይንና ካሜራ ብርሃንን የሚያዩበት መንገድ አንድ አለመሆኑም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። የካሜራ ሴንሰር በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ፊልተሮች የተሸፈነ ነው፤ ፊልተሮቹ ግን በሰው ዓይን ውስጥ ያሉት ሦስቱ የቀለም ተቀባዮች ቅጂ አይደሉም። ሁለት ቀለሞች ለዓይን አንድ ሆነው ለካሜራ ሁለት፣ ወይም ለካሜራ አንድ ሆነው ለዓይን ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ። ካሜራው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው የቀለም ትርጉም የተዘጋጀው በፀሐይና በአምፖል ብርሃን ለሚታዩ የተለመዱ ነገሮች ነው፦ ለቆዳ፣ ለጨርቅ፣ ለቅጠል። ሦስት የፊልም ማቅለሚያዎች በነጭ ብርሃን ላይ ሲደረደሩ የሚሰጡትን ቀለም ታሳቢ አድርጎ አልተሠራም። በተጨማሪም የፋብሪካው ትርጉም ፎቶን ለማሳመር ንጽጽሩን ይጨምራል፣ ቀለሙን ያደምቃል። ስላይድ አስቀድሞ በፊልም ፋብሪካው እንዲደምቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በላዩ ሌላ ማድመቂያ ሲጨመርበት ፊት ይቀላል፣ ጥላ ይጠቁራል፣ ሰማይ ያልነበረ ቀለም ያመጣል። ስለዚህ በጄፔግ መቅዳት ተገቢ አይደለም፤ ሮው ፋይል ያስፈልጋል፣ ያም በሶፍትዌር ሲከፈት ማሳመሪያው ከርቭ ጠፍቶ በቀጥታ መስመር መነበብ አለበት።

አቀማመጡን በተመለከተ ነገሩ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። እስከ አንድ ለአንድ የሚያጎላ ማክሮ ሌንስ፣ የማይነቃነቅ መቆሚያ፣ ከሴንሰሩ ጋር ፍጹም ትይዩ የሆነ ስላይድ ይበቃል። አፐርቸሩ 5.6 ወይም 8 ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ ለአንድ ሲነሣ የ8 አፐርቸር በተግባር እንደ 16 ስለሚሆን ከዚያ በላይ መዝጋት ሥዕሉን ያደበዝዛል። የሮው ፋይሉን የመጨረሻ ጥራት ከሚወስኑት ነገሮች ከስላይዱ ላይ አቧራን በአየር መንፊያ ማራገፍም አንዱ ነው፤ ውሃ ግን ስላይዱን ፈጽሞ መንካት የለበትም።

የባዘነ ብርሃን ግን ጊዜ ወስዶ ሊታሰብበት የሚገባ ጠላት ነው። የስላይድ ጥቁር እጅግ ጥቁር ነው፤ የጥቁረቱ ልኬት 3.0 የደረሰ ቦታ ከመጣው ብርሃን አንድ ሺኛውን ብቻ ያሳልፋል፣ ከዚህም የጠቆረ ቦታ ያላቸው ስላይዶች አሉ። እንግዲህ ከክፈፉ ዙሪያ ካፈተለከ፣ ከነጭ ግድግዳ ወይም ከሠራተኛው ሸሚዝ ከተመለሰ ብርሃን አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ሌንሱ ውስጥ ቢገባ፣ በዚያ ጥቁር ቦታ ላይ ያለው ብርሃን እጥፍ ይሆናል። ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይነጣል፤ ያ ግራጫም የባዘነውን ብርሃን ቀለም ይዞ ይመጣል፦ ክፍሉ ቢጫ ከተቀባ ወደ ቢጫ፣ የመስኮት ብርሃን ካለ ወደ ሰማያዊ። የቀለም መዛባት በጥላው ላይ ብቻ፣ በብሩሁ ላይ ሳይሆን ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በብርሃኑ ሰሌዳ ላይ ከስላይዱ መስኮት በቀር ሁሉንም በጥቁር ካርቶን መሸፈን፣ የክፍሉን መብራት ማጥፋት፣ በስላይዱና በሌንሱ መካከል ያለውን ክፍተት ውስጡ ጥቁር በሆነ ቱቦ መዝጋት፣ ጥቁር ልብስ መልበስ።

የብርሃን መጠኑ የሚወሰነው ስላይድ ሳይቀመጥ ነው። ባዶው ብርሃን ሲነሣ ከሦስቱ የቀለም ቻናሎች (ከቀዩ፣ ከአረንጓዴውና ከሰማያዊው) አንዱም እስኪቃጠል ድረስ ሳይሄድ፣ ወደዚያው ጫፍ የተጠጋ ይሁን። ማንኛውም ስላይድ ከባዶ ብርሃን ያነሰ ስለሚያሳልፍ በዚህ ልክ የተነሣ ስላይድ ነጩ አይቃጠልም። በካሜራው ጀርባ የሚታየው ሂስቶግራም የተሠራው ከተለወጠው ጄፔግ ስለሆነ የሮው ፋይሉን እውነት አይናገርም፤ የመጀመሪያውን ሙከራ በኮምፒውተር ከፍቶ ማረጋገጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ልኩ በእጅ ተቆልፎ ለመላው ክምችት ይሠራል። የአንዱን ስላይድ ብሩህነት ከሌላው ማነጻጸር የሚቻለው ካሜራው በየስላይዱ የራሱን ፍርድ ካልሰጠ ብቻ ነው። ለጠቆሩ ስላይዶች አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ ጨምሮ ሁለተኛ ፎቶ ማንሣት ከጥላው ውስጥ ዝርዝር ያወጣል፤ የተጨመረው መጠን ይመዝገብ።

በዚሁ ባዶ ብርሃን የሚነሣው ፎቶ ሁለት ተጨማሪ አገልግሎት አለው። አንደኛው፣ የብርሃኑ ሰሌዳም ሌንሱም ከመካከል ወደ ጠርዝ እኩል ስለማያበሩ በየስፍራው ያለውን ልዩነት ያሳያል፤ ሶፍትዌሩ የእያንዳንዱን ስላይድ ፎቶ በዚህ ባዶ ፎቶ ሲያካፍለው የጠርዙ መጥቆርና መቅላት ይጠፋል። ሁለተኛው የነጭ ሚዛኑ ነው። የነጭ ሚዛን መወሰድ ያለበት ከባዶው ብርሃን እንጂ ከስላይዱ ውስጥ ከሚታይ ነጭ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ለምሳሌ፣ ከ1962 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ካነሧቸው ፎቶዎች ብዙዎቹ በስላይድ ላይ ናቸው፤ በእነዚህ ውስጥ ነጠላ የለበሰ ሰው አይጠፋም። ቀጂው ነጠላውን አይቶ ነጭ ነው ብሎ የነጭ ሚዛን መምረጫውን እዚያ ላይ ቢያሳርፍ ሥዕሉ ወዲያው ይለወጣል። ነጠላው ግን በስላይዱ ላይ ነጭ አልነበረም። በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ነጠላ የሰማዩን ብርሃን ተቀብሎ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማር መልክ ይይዛል። ያንን ወደ ነጭ መመለስ የሰዓቱን ብርሃን ከሥዕሉ መፋቅ ነው። የአውቶማቲክ ነጭ ሚዛንም ያው ጥፋት አለው፤ ያውም በየስላይዱ የተለያየ።

እስከዚህ የተዘረዘረው በጥንቃቄ ከተሠራ ቀለሙ ለአብዛኛው የቤተሰብ ክምችት ይበቃል። ለቤተ መጻሕፍት፣ ለሙዚየም፣ ወይም ቀለም ራሱ መረጃ ለሆነበት ሥራ፣ ለምሳሌ የብራና ሥዕል ወይም የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል በስላይድ ተቀርጾ ከሆነ፣ የራስ ፕሮፋይል መሥራት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው አይቲ8 የሚባል የመለኪያ ስላይድ ነው። በእውነተኛ ፊልም ላይ የታተሙ 264 የቀለም ካሬዎችና 24 የግራጫ እርከኖች አሉት፤ ከስላይዱ ጋር የእያንዳንዱ ካሬ ቀለም በመሣሪያ ተለክቶ የተጻፈበት ፋይል ይመጣል። የመለኪያው ስላይድ ልክ እንደ ሌሎቹ ስላይዶች በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ሌንስ ይነሣል። እንደ አርጂል ሲኤምኤስ ያለ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ካሜራው ያየውን ከተለካው ጋር አነጻጽሮ የማስተካከያ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል፤ ፕሮፋይል የሚባለው ያ ነው። ለሥቱዲዮ ፎቶ የሚያገለግለው ባለ 24 ካሬ የቀለም ካርድ ግን እዚህ ቦታ የለውም፤ በወረቀት ላይ የተቀባ፣ ብርሃንን የሚመልስ እንጂ የሚያሳልፍ አይደለም፣ ማቅለሚያውም የፊልም አይደለም።

ፕሮፋይሉ የሚሠራው ለተሠራበት የፊልም ቤተሰብ ነው። በገበያ ያሉት የመለኪያ ስላይዶች በኢ-6 ፊልም የታተሙ ስለሆኑ ለኤክታክሮምና ለፉጂክሮም ይስማማሉ። በዚያው ፕሮፋይል ኮዳክሮም ሲነበብ በአብዛኛው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ኮዳክሮም የቀዱ ሁሉ የሚያውቁት ምልክት ነው። ኮዳክ ራሱ ለኮዳክሮም የሚሆን ኪው-60 የተባለ መለኪያ አትሞ ነበር። ኮዳክሮምን የሚያጥብ ላቦራቶሪ ስለሌለ ግን አዲስ ሊታተም አይችልም፤ ከድሮ የተረፈው ብቻ ነው ያለው። መለኪያውን ያላገኘ ሰው የኢ-6ን ፕሮፋይል መነሻ አድርጎ፣ ጥቂት የታወቁ የኮዳክሮም ስላይዶችን በብርሃን ጠረጴዛ ላይ ከስክሪኑ ጎን እያየ ሰማያዊውን የሚቀንስ አንድ እርማት ያዘጋጃል፤ ያንኑ እርማት ለኮዳክሮሞቹ ሁሉ ሳይለዋውጥ ይጠቀማል። በየስላይዱ የተለያየ እርማት መስጠት ግን ወደ ግምት መመለስ ነው።

ፕሮፋይል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዘጠኝ ቁጥሮች ብቻ የሚሠራ ማትሪክስ ሲሆን ለስላሳ ነው፤ ደማቁ ቀለም ላይ ትንሽ ይስታል እንጂ ሥዕልን አያበላሽም። ሁለተኛው ብዙ ነጥቦች ያሉት ሠንጠረዥ ነው። ይህኛው በመለኪያው ካሬዎች ላይ እጅግ ይጠጋል፣ በካሬዎቹ መካከል ባለው ቀለም ላይ ግን አንዳንዴ ይዘላል፤ ቀስ ብሎ የሚደበዝዝ የምሽት ሰማይ ላይ ደረጃ ደረጃ መስመር ያወጣል። በመለኪያው ላይ ያለው ስሕተት እጅግ ማነሱ ብቻውን የሚያኮራ ውጤት አይደለም። የቀለም ልዩነት የሚለካበት ዴልታ ኢ የተባለው ልኬት 1 አካባቢ ሲሆን ዓይን ልዩነቱን በጭንቅ ያያል፤ አማካዩ 2 ገደማ የሆነና በሰማይና በቆዳ ላይ የማይዘል ፕሮፋይል፣ አማካዩ ከ1 በታች ሆኖ ከሚዘለው ይበልጣል።

ፋይሉ ትክክል ሆኖ ስክሪኑ ሊዋሽ ይችላል። ስክሪኑ በመለኪያ መሣሪያ ካሊብሬት ካልተደረገ ማንኛውም የዓይን ፍርድ ዋጋ የለውም፤ ብሩህነቱም ከፋብሪካ እንደመጣ ሲተው አብዛኛውን ጊዜ ከሚገባው በላይ ነው። ስላይዱ የሚነጻጸርበት የብርሃን ጠረጴዛ 5000 ኬልቪን ገደማ ይሁን፤ የስላይድ መመልከቻ ብርሃን ደረጃ የተወሰነው በዚሁ ላይ ነው። ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር ስላይድ የተሠራው በጨለማ ክፍል፣ በፕሮጀክተር፣ በትልቅ ሸራ ላይ እንዲታይ መሆኑ ነው። በጨለማ የተከበበ ሥዕል ለዓይን ንጽጽሩ የቀነሰ መስሎ ስለሚታይ፣ ፋብሪካዎቹ ይህን ለማካካስ ሆን ብለው የስላይድን ንጽጽር ጨምረዋል። ስለዚህ በታማኝነት የተቀዳ ስላይድ ብርሃን ባለበት ቢሮ ውስጥ በስክሪን ሲታይ የከበደና ጥላው የጠቆረ ቢመስል ስሕተት አይደለም። ለስክሪን በሚዘጋጀው ቅጂ ላይ ጥላውን ጥቂት ማንሣት ይፈቀዳል፤ በዋናው ፋይል ላይ ግን አይደረግም። ዋናው ፋይል በ16 ቢት ቲፍ፣ እንደ አዶቢ አርጂቢ ወይም ከዚያ በሰፋ የቀለም ክልል ይቀመጣል፤ የስላይድ ደማቅ ሳያንና ቢጫ ኤስአርጂቢ በተባለው ጠባብ ክልል ውስጥ አይገቡምና።

የደበዘዘ ስላይድን የማስተካከል ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሦስቱ ማቅለሚያዎች እኩል አያረጁም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የታጠቡ ብዙ ኤክታክሮሞች በጨለማ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠውም ቀልተዋል፤ ሳያኑ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለጠፋ ቀዩን ብርሃን የሚያግደው አልቀረም። ኮዳክሮም በጨለማ እጅግ ጽኑ ነው፤ የፎቶ ጽናት ተመራማሪው ሄንሪ ዊልሄልም በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ በተለመደ የክፍል ሙቀት በጨለማ የተቀመጠ ኮዳክሮም ከማቅለሚያው አንድ አምስተኛውን ለማጣት 185 ዓመት ያህል እንደሚፈጅበት ገምቷል። በፕሮጀክተር ብርሃን ግን ከኤክታክሮምም ከፉጂክሮምም ይልቅ ፈጥኖ ይደበዝዛል። ለጽናቱ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያሉት፣ ከ1939 እስከ 1944 ራስል ሊን፣ ማሪዮን ፖስት ዎልኮትን፣ ጃክ ዴላኖን የመሳሰሉ ፎቶ አንሺዎች ለመንግሥት ያነሧቸው 1,600 ያህል የቀለም ፎቶዎች ምስክር ናቸው። የዚያን ዘመን የአሜሪካ ገበሬ ቀይ ሸሚዝ ዛሬም ቀይ ነው።

አንድ ማቅለሚያ ሲጠፋ የሚመጣው መዛባት በጥላውና በብሩሁ ላይ አንድ መጠን የለውም። ማቅለሚያ ብዙ በነበረበት ጥቁር ቦታ ጉድለቱ ትልቅ ነው፤ ምንም ባልነበረበት ነጭ ቦታ ደግሞ ጉድለት የለም። ስለዚህ የነጭ ሚዛኑን በመግፋት ብቻ አይስተካከልም፤ ጥላው ሲድን ደመናው ሳያን ይሆናል። የሚሠራው መንገድ የቀዩን፣ የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን ቻናል ከርቭ ለየብቻ ማስተካከል ነው፦ መጀመሪያ በእያንዳንዱ ቻናል በጣም የጠቆረውን ነጥብ ወደ አንድ ማምጣት፣ ቀጥሎ በጣም የነጣውን፣ በመጨረሻ መካከሉን። እዚህ ላይ ነጠላውና የሰው ቆዳ እንደ መለኪያ ሳይሆን እንደ ምስክር ያገለግላሉ። ማቅለሚያው ፈጽሞ የጠፋበት ቦታ ግን አይመለስም፤ በዚያ ላይ የሚጨመር ቀለም የሠራተኛው ሥዕል ነው፣ ያም በፋይሉ መግለጫ ላይ መጻፍ አለበት።

ለእያንዳንዱ ክምችት ሊቀመጥ የሚገባው ይህ ነው፦ ያልተነካው ሮው ፋይል፣ በዚያ ቀን የተነሣው የባዶ ብርሃን ፎቶ፣ የመለኪያው ስላይድ ፎቶ፣ የመብራቱ ስም፣ የብርሃን ልኩ፣ የፊልሙ ዓይነት። እነዚህ ካሉ ነገ የተሻለ ሶፍትዌር ሲመጣ ቀለሙን እንደገና ማውጣት ይቻላል፤ ከሌሉ የሚቀረው የዚያን ቀን ፍርድ ብቻ ነው። ስላይዶቹም ከተቀዱ በኋላ አይጣሉ። በደረቅ፣ በቀዝቃዛና በጨለማ ስፍራ ይቀመጡ፤ የትኛውም ፋይል ቢጠረጠር የሚመሰክረው ዋናው ስላይድ ነው።